ጣት የሚቆርጥ ስም

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ይላል ያገራችን ተረት። ክርክር ላይ ይጠቀሳል፣ ስብሰባ ላይ ይጠቀሳል፣ በሻይ ቤት ወሬ መካከልም ጣል ይደረጋል። ትርጉሙ ሲጠየቅ «ነገርን በስሙ ጥራው ማለት ነው» ይባልና ይታለፋል። እኛ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ግን ቃል የሚባለውን ነገር በዋዛ ማለፍ አይገባንምና፣ ለዛሬ ይህችን ተረት አስቁመን ጥቂት ልንጠይቃት አሰብን። ምስክር አድርገን የምንጠራው ባለቅኔ አይደለም፤ ስለ ቁስል ሲመራመር ዕድሜውን የፈጀ አንድ ሐኪም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ፖል ብራንድ ይባላል። በ1914 ደቡብ ሕንድ ውስጥ ከእንግሊዛውያን ሚስዮናውያን ተወለደ። ለንደን ሕክምና ተምሮ በ1946 ወደዚያው ወደ ሕንድ፣ ቬሎር ከተማ ወደሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ስለ ሥጋ ደዌ ሐኪሙም መንገደኛውም የሚያምኑት አንድ ነበር፦ በሽታው ሥጋ ይበላል፤ ጣት እየበሰበሰ ይወድቃል፤ የሕመምተኛው ሥጋ «መጥፎ ሥጋ» ስለሆነ ቢቈስል አይሽርም። በዚህ የተነሣ ቀዶ ሐኪሞች ወደነዚህ ሕሙማን ዝር አይሉም ነበር።

ብራንድ ዓይኑን የከፈቱለት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። አንድ ቀን ጣቶቹ የተቈለመሙበትን ሕመምተኛ እጅ ይዞ «እስቲ ጨብጠኝ» አለው። ልፍስፍስ ይሆናል ብሎ የጠበቀው እጅ እንደ ጕጠት ያዘው። ብራንድ በሕመም ሲጮህ፣ ጨባጩ ምን ያህል እንዳሳመመ ራሱ አያውቅም ነበር። ሌላ ጊዜ ደግሞ የዛገ ቁልፍ አልከፈት ብሎት ሲታገል፣ አንድ ታማሚ ልጅ «እኔ ልሞክር» አለና ባንዴ አዞረው። ወለሉ ላይ ደም ሲንጠባጠብ የልጁ ጣት ታየ፤ ቁልፉ እስከ አጥንቱ ሰንጥቆታል። ልጁ ግን ምንም አልተሰማውም።

ከዚያ ወዲያ ብራንድና ባልደረቦቹ እንደ መርማሪ ፖሊስ ሆኑ። እያንዳንዱን ቁስል «አንተስ ከየት መጣህ?» እያሉ ጠየቁት። መልሱም አንድ በአንድ ተገኘ፦ ይሄ ከጋለ ድስት፣ ይሄ ከሲጋራ፣ ይሄ ጫማ ውስጥ ከበቀለ ምስማር። ሌሊት ተኝተው ጠዋት ጣታቸው ጎድሎ የሚነሡ ሲገኙ እንኳ፣ አድፍጠው ቢጠብቁ ሌባው አይጥ ሆኖ ተያዘ። ሕመም የማያውቅ እጅ አይጥ ሲቆረጥመው ባለቤቱን አይቀሰቅስማ! ስለዚህ ከሆስፒታሉ የሚሰናበት ሕመምተኛ ድመት ይዞ እንዲሄድ ተደረገ። እኛ ሳይንስ ሲባል ማይክሮስኮፕ ብቻ ለሚታየን፣ ድመትም ሳይንስ ሆና መገኘቷ ደስ ይላል።

ለመሆኑ ተሐዋሱ ምን ይሠራል? ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን በ1873 ያገኘው ይህ ባክቴሪያ እጅግ ቀሰስተኛ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚወድ በእጅ፣ በእግርና በፊት ቆዳ ሥር፣ እንዲሁም እዚያው ባሉት ነርቮች ውስጥ ይሰፍራል። ሰውነት ሊዋጋው ሲነሣም ነርቩ በጦርነቱ መካከል ይጎዳል። ነርቭ ሲሞት የሰውነት ዘበኛ ሞተ ማለት ነው፤ የዘበኛውም ስም ሕመም ነው። ጣቱን የሚጨርሰው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃጠሎ፣ ስንጥቅ፣ ምርቀዛና የአጥንት ቁስለት ነው።

አይሽርም የተባለው ቁስልስ? ለዓመታት ሲያመረቅዝ የኖረ የእግር ቁስል በጄሶ ተጠቅልሎ እንዲያርፍ ሲደረግ በሳምንታት ውስጥ ይጠግግ ጀመር። «መጥፎ» የተባለው ሥጋ እንደ ማንኛችንም ሥጋ ነበር፤ የጎደለው ዕረፍት ብቻ። ከ1948 አካባቢ ጀምሮም ብራንድ ደኅናውን ጅማት ወደ ተሰለበው ጣት እያዛወረ የተቈለመመ እጅ ዘረጋ።

በ1966 ወደ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል ወደነበረው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከሄደ በኋላ ነገሩን በአይጦች መረመረ። መዳፋቸው በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ በቀስታ ሲመታ መጀመሪያ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ዕረፍት ካጣ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይቈስላል። ጤነኛ ሰው ብዙ መንገድ ሲሄድ ሳይታወቀው አረማመዱን ይለውጣል፣ ክብደቱን ያዛውራል፣ ሲብስበትም ያነክሳል። ማንከስ ጥበብ ነው! ሕመም የማይሰማው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ቁስሉ ላይ ይራመዳል። ይህ ትምህርት ዛሬ ስኳር በሽታ እግራቸውን ያደነዘዘባቸውን ሰዎች እግር ከመቆረጥ እያዳነ ነው።

ብራንድ ሰው ሠራሽ ሕመም ለመፍጠርም ሞክሮ ነበር። ግፊት ሲበዛ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ ጓንት ተሠራ፤ ለባሾቹ ድምፁን ቸል አሉት። በኤሌክትሪክ ንዝረት ተተካ፤ የሚያስነዝር ሥራ ሲገጥማቸው መሣሪያውን አጥፍተው ሥራውን ከፈጸሙ በኋላ መልሰው ያበሩት ጀመር። ብራንድም ሕመም ማብሪያ ማጥፊያው በእጃችን ቢሆን ኖሮ እንደማይጠብቀን ተረድቶ ሙከራውን ተወው።

ይህ ሰው ለኛ ሩቅ አይደለም። በ1965 አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ሠፈር ለተቋቋመው ለአለርት ዋና አሳቢ ከነበሩት አንዱ እሱ ነው። እዚያው ግቢ በ1970 የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ተከፈተ። ቶሬ ጉዳል የሚባል ኖርዌያዊ ከባልደረባው ጋር በ1973 ያሳተመው የተቋሙ ጥናት የሚያስደንቅ ነው፦ ከሕሙማን ጋር ተቀራርበው ከኖሩ ጤነኞች ብዙዎቹ ደማቸው ባክቴሪያውን ያውቀዋል። ማለትም ተገናኝተዋል፣ ሰውነታቸውም ድል አድርጎታል፤ አልታመሙም። አብዛኛው የሰው ልጅ ይህን በሽታ በተፈጥሮው ይቋቋማል። መተላለፊያውም ካልታከመ ሰው ጋር በረጅም ጊዜ መቀራረብ በትንፋሽ እንደሆነ ነው የሚታመነው፤ አብሮ በመብላት ወይም በመጨበጥ አይያዝም። ሕክምና የጀመረ ደግሞ ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል።

እንግዲህ ተረታችን ሁለት እግሯም ተሰበረ። «ገብቶ ይፈተፍታል» ያለችው ፍርሃት መሠረት የለውም፤ «ቆማጣ» ያለችውም ስም በሽታውን አይገልጸውም።

«እንዴ፣ ተረት እኮ ነው! ማን ስለ በሽተኛ አሰበ?» የሚለን ወዳጅ አይጠፋም። ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ማንም ስላላሰበ። ይኸው ቋንቋችን እኮ የገብረ ክርስቶስንም ታሪክ ይዟል፤ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ የወደቀውን፣ ሥዕሉ ላይ ውሾች ቁስሉን የሚልሱለትን። በአንድ አፍ ቁስለኛውን ቅዱስ ብለን በሌላው ከገበታ እናባርረዋለን።

ከዚህ የከፋውን ደግሞ ብራንድ ራሱ ያስተማረን ነው። ጣት የሚጠፋው ነርቭ ከሞተ ወዲያ ከሆነ፣ ነርቭ ሳይሞት የደረሰ ሰው ጣቱ አይጠፋም ማለት ነው። ታዲያ ሰው ለምን አይደርስም? ክንዱ ላይ ነጣ ያለች፣ ቢነኳት የማትሰማ ምልክት ያየ ወጣት በእጅጌው ይሸፍናታል። የሚፈራው ባክቴሪያውን አይደለም፣ አያውቀውማ! የሚፈራው ያንን ስም ነው። በስሙ ፍርሃት አንድ ዓመት ይደበቃል፣ ሁለት ዓመት ይደበቃል፤ በመጨረሻ ሲወጣ ጣቱ የለም። ተረቲቱም «አላልኳችሁም?» ትላለች። ስሙ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ መስክሮ፣ ራሱ ፈረደ።

ይህ የጥንት ወሬ እንዳይመስለን። በ2023 በዓለም ላይ ከ180,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ባገራችንም በየዓመቱ ከሁለት ሺህ የማያንሱ ይገኛሉ። መድኃኒቱ ግን አለ። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን ተቀናጅተው ለስድስት ወር ወይም ለአንድ ዓመት ይወሰዳሉ፤ ከ1995 ጀምሮም በነጻ ይሰጣሉ።

ሐኪም ያልሆንን ሰዎች ነርቭ አናክምም። እጃችን ላይ ያለው ቃል ነው፤ በቃል ደግሞ መድረክ ላይ እንቆማለን፣ ድርሰት እንጽፋለን፣ ነገ ክፍል ገብተን እናስተምራለን። ይህችን ተረት ከአፋችን ብናወጣት ቋንቋችን አይደኸይም፤ «ነገርን በስሙ ጥራ» ለማለት ሌላ ሺህ መንገድ አለው። ያ እጅጌውን ወደ ታች የሚጎትተው ልጅ ምናልባት አጠገባችን ተቀምጦ ይሆናል። ስሙን ሳይፈራ፣ ዐሥሩም ጣቶቹ እንዳሉ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ።