ለብርድ አገር የሚስማማ ቡችላ ፍለጋ

ውሻ ለመምረጥ ተብሎ መንገድ መሄድ በአገራችን ያልተለመደ ነገር ስለ ሆነ፤ ይህን የጉዞ ታሪክ የምታነቡ ወዳጆቻችን ፈገግ ብትሉ አንቀየምባችሁም። በአገራችን ቡችላ የሚገኘው ከጎረቤት ነው፤ እናቲቱ የወለደች እንደ ሆነ ባለቤትየው «አንዱን ውሰዱልኝ» ይላል፤ ዘሩን የሚጠይቅ፤ ዕድሜውን የሚያሰላ የለም። እኛ ግን የምንኖረው በስዊስ አገር፤ ከሌማን ሐይቅ በላይ በምትገኝ በአንዲት የተራራ መንደር ነው። በዚያም በረዶው በታኅሣሥ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ እስከ መጋቢት አይለቅም። ልጆቹም ብርድ ነው ብለው ቤት አይውሉም፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በበረዶው ላይ ሲንሸራተቱ ይመሻል፤ በዕረፍት ቀንም ቤተሰቡ ሁሉ ስንቁን ይዞ ወደ ጫካ ይወጣል።

የነገሩ መነሻ ኀዘን ነው። የጎረቤቶቻችን ውሻ፤ ጥቁር ነጭና ቡናማ ቀለም ያለው፤ ጠጉሩ የተንዘረፈፈ፤ «የበርን ተራራ ውሻ» የሚባለው ዓይነት፤ ልጆቻችን አጥር ተሻግረው የሚያቅፉት ወዳጃቸው ነበረ። ባለፈው የብርድ ወራት በሰባት ዓመቱ በነቀርሳ ሞተ። ታናሺቱ ልጃችን ሦስት ቀን ያህል እህል አልቀምስም ብላ ሰነበተች። ከዚያም በኋላ «ለእኛም አንድ ቡችላ ይኑረን» የሚለው ልመና በዛብን። እሺ ከማለታችን በፊት ግን ለራሳችን አንድ ቃል ገባን፤ ይኸውም ልጆቹ ገና ሳያድጉ እንዲህ ያለው ልቅሶ ወደ ቤታችን እንዳይገባ የተቻለንን ያህል መርምረን እንድንመርጥ ነው። ስለዚህ በነሐሴ ወር፤ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን የመጡትን እናታችንን ይዘን ጉዞ ጀመርን።

የመጀመሪያው መንገዳችን ወደ ታላቁ ቅዱስ በርናርድ በር ነበረ፤ ታላቁ ልጃችን ከዚያ ካልሆነ ከሌላ ውሻ አልፈልግም ብሎ ነበርና። ከማርቲኒ ከተማ በትንሽ ባቡር እስከ ኦርሲዬር ይኬዳል፤ ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ማርቲኒ ከባሕር ጠለል በላይ 471 ሜትር ብቻ ስለ ሆነች ወይን የሚበቅልባት ቆላ ናት፤ በሩ ግን 2,469 ሜትር ነው። ሣሩ እያጠረ፤ ዛፉ እየጠፋ፤ ድንጋዩ እየበዛ ሲሄድ እናታችን በመስኮት ሲመለከቱ ቆዩና «ይህ ጣርማ በር ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?» አሉ።

ነገሩ ትክክል ነው። ይህ በአውሮፓ ስሙ የተፈራው ተራራ በር ከአዲስ አበባ ከፍታ እምብዛም አይበልጥም፤ ደብረ ብርሃን እንኳ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ትበልጠዋለች። ነገር ግን ደብረ ብርሃን በአመዳይ ብቻ ስትነጣ፤ እዚህ የሚወርደው በረዶ በአንዳንድ ዓመት ተደምሮ ከአሥር ሜትር በላይ ይሆናል፤ ብርዱም ከዜሮ በታች ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። ምክንያቱም አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በ9ኛው ዲግሪ ስትሆን፤ ይህ ሥፍራ በ46ኛው ዲግሪ መገኘቱ ነው። መንገዱ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ይከፈታል። በቀረው ወራት መኪና የሚያልፈው በ1964 ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በተከፈተው ዋሻ ውስጥ ነው።

በበሩ ላይ ያለው የእንግዳ መቀበያ ገዳም በ1050 ዓመት ገደማ በቅዱስ በርናርድ ዘመንቶን የተመሠረተ ነው፤ ዛሬም የቅዱስ አውግስጢኖስን ሥርዓት የሚከተሉ ካህናት ይኖሩበታል፤ ዓመቱን ሁሉ እንግዳ ይቀበላሉ። ውሾቹ በገዳሙ መኖራቸው ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በሥዕል ይታወቃል። መጀመሪያ ለጥበቃ የመጡ ነበሩ፤ በኋላ ግን መንገደኛ በበረዶ ሲቀበር በማሽተት እየፈለጉ ማውጣት ለመዱ። ከእነርሱም ሁሉ ስሙ የገነነው ከ1800 እስከ 1814 የኖረው ባሪ ነው፤ ከ40 በላይ ሰዎችን እንዳዳነ ይነገርለታል። በአንገታቸው የሚንጠለጠለው የአረቄ በርሜል ግን ተረት ነው። ወሬው የተስፋፋው ላንድሲር የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ በ1820 ከሣለው ሥዕል ነው። ታላቁ ልጃችን ይህን በሰማ ጊዜ ፊቱ ወዲያው ጠቆረ።

ከዚህ ቀጥሎ የምንነግራችሁ ነገር ግን ለምርጫችን ዋና መሪ የሆነን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ገዳሙ ብዙ ውሾች አልቀውበት ስለ ነበረ፤ ዘሩ እንዲጠነክርና ብርዱን እንዲቋቋም ተብሎ ጠጉረ ረጅም ከሆነው ከኒውፋውንድላንድ ውሻ ጋር ተዳቀለ። ቡችሎቹም ጠጉራቸው ረዝሞ እጅግ አምረው ተወለዱ። ሆኖም ወደ በረዶው በወጡ ጊዜ በረዶው በረጅሙ ጠጉራቸው ላይ እየተጣበቀ፤ እየተድቦለቦለ፤ ሸክም ሆነባቸውና ለሥራ የማይበቁ ሆኑ። ጠጉረ ረጅሞቹን ካህናቱ ለቆላ ሰዎች ሰጡአቸው፤ ለተራራው የቀሩት ጠጉረ አጭሮቹ ናቸው።

እናታችን ይህ ሲተረጐምላቸው አልተደነቁም። «በርኖስ ረጅም ስለ ሆነ ነው እንዴ የሚያሞቀው?» አሉን። የመንዝ በርኖስ ውኃ የማያስገባው ሱፉ ጠብቆ ስለ ተሠራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው የውሻንም ነገር ቶሎ ያስተውላል። ብርድ የሚችል ውሻ ሁለት ልብስ አለው፤ ከሥር እንደ ባና የለሰለሰና ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ፤ ከላይ እንደ በርኖስ ውኃና በረዶ የሚያንሸራትት ጠንካራ ጠጉር። የሚያሞቀው በሥረኛው ሱፍ መካከል የተያዘው አየር ነው። ስለዚህ ቡችላ የሚመርጥ ሰው የጠጉሩን ርዝመት በዓይኑ ከመለካት ይልቅ በጣቱ ገለጥ አድርጎ ሥሩን ይመልከት፤ ያደገውን ጠጉር በእናቲቱ ላይ ቢያይ ደግሞ ይበልጣል። እግራቸውም ቢሆን ልዩ ጥበብ አለው፤ ወደ መዳፋቸው የሚወርደው ሙቅ ደም ከመዳፋቸው በሚመለሰው በቀዝቃዛው ደም አጠገብ ስለሚያልፍ ያሞቀዋል። በዚህ ምክንያት በበረዶ ላይ ቆመው አይደነዝዙም።

የገዳሙን ውሾች ዛሬ የሚያስተዳድረው በ2005 የተቋቋመው የባሪ ድርጅት ነው፤ የብርዱን ወራት በማርቲኒ፤ የሙቀቱን ወራት በበሩ ላይ ያሳልፋሉ። የማዳኑን ሥራ ሄሊኮፕተር ወስዶባቸዋል። ያየናቸው ውሾች ገርና ትዕግሥተኞች ናቸው፤ ታናሺቱ ልጃችን በአንዱ ላይ ተደግፋ ስትቀመጥ አልተንቀሳቀሰም። እናታችን ግን «ይህ ውሻ ነው ወይስ ጥጃ?» ብለው ራቅ ብለው ቆሙ። የዘመኑ ወንድ ውሻ ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ባሪ ግን ከ45 ኪሎ እንደማይበልጥ ይገመታል። ጠባቂያቸውን በጠየቅናቸው ጊዜ ሳይደብቁ ነገሩን፤ ለሀጩ ብዙ ነው፤ መብሉ ብዙ ነው፤ ገና ሲያድግ መጋጠሚያው እንዳይጎዳ ደረጃ ላይ ማሯሯጥ አይገባም፤ ዕድሜውም ብዙ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ነው። ልጃችን ይህን ሲሰማ በጣቱ መቍጠር ጀመረ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው መሆኑን አገኘና ዝም አለ።

ከዚያ ወደ በርን ሄድን። የባሪ ገላ በዚያ ከተማ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛልና ልጆቹ ሳያዩት አልቀሩም። የሚገርመው ነገር ቆዳው በ1923 እንደ ገና በተሰናዳ ጊዜ የራሱን ቅርጽ በዘመኑ ካሉት ውሾች ጋር እንዲመሳሰል ማድረጋቸው ነው። ሰው ውሻን እንደ ምኞቱ መለወጥ የሚወደው በሕይወቱ ሳለ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የበርን ተራራ ውሻ፤ የጎረቤታችን ዓይነት፤ በዚሁ አውራጃ ገበሬዎች ዘንድ ወተት በጋሪ ወደ አይብ ቤት ይስብ የነበረ የሥራ ውሻ ነው። አልበርት ሃይም የሚባሉ የምድር ጥናት ፕሮፌሰር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዘሩ እንዳይጠፋ ብዙ ደክመውለታል። ለብርዱም ለልጆቹም ከእርሱ የሚሻል ያለ አይመስለንም። ነገር ግን ነቀርሳ በዘሩ ውስጥ ስለ በዛ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት እስከ ስምንት ዓመት ብቻ ይኖራል። የጎረቤታችን ውሻ ያለ ጊዜው የተቀጨ መስሎን ነበረ፤ ለካ ዕድሜውን ጨርሶ ኖሯል። ይህን ዘር ከዝርዝራችን የሰረዝነው እያዘንን ነው።

በባቡር ስንሄድ ልጃችን የሳይቤርያን ሀስኪ አነሣብን። በ1925 በአላስካ ኖም በምትባል ከተማ የጉሮሮ በሽታ በገባ ጊዜ፤ ሃያ ነጂዎችና ወደ 150 የሚጠጉ ውሾች እየተቀባበሉ መድኃኒቱን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በአምስት ቀን ተኩል ማድረሳቸውን አንብቧል። እኛም «ይህን ያህል የሚሮጥ ውሻ ከአንተ ጋር ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ቢሄድ ይበቃዋልን?» አልነው። ሥራ ያጣ ሀስኪ አጥር ይዘላል፤ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ይጠፋልም።

ባቡሩ ከበርን ወደ ሉሴርን ሲሄድ በኤንትልቡኽ ሸለቆ ያልፋል። ሸለቆው አረንጓዴ፤ ጥድ የበዛበት፤ የከብት ደወል የሚሰማበት ነው። በዚያም ለወዳጆቻችን የታወቁ አንድ ገበሬ ቡችሎች ተወልደውላቸው ስለ ነበረ ወደ እርሳቸው ሄድን። ዘሩ በሸለቆው ስም ኤንትልቡኸር ይባላል። ቀለሙ እንደ በርኑ ውሻ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጠጉሩ ግን አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፤ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ፤ ክብደቱ ከ30 ኪሎ የማያልፍ ነው። ፕሮፌሰር ሃይም በ1913 አራት ውሾች ቀርበውላቸው ዘሩን ለይተው መዘገቡት። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊጠፋ ተቃርቦ ሳለ በ1926 የወዳጆቹ ማኅበር ተቋቁሞ አተረፈው። ብዙ ጊዜ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ይኖራል።

ጊዜው የማለቢያ ሰዓት ነበረና እናቲቱ ውሻ ላሞቹን ከመስክ ስትነዳ አየን። ወደ ኋላ የቀረችውን ላም ተረከዟን ነካ አድርጋ ትመልሳለች፤ ላሚቱ ስትራገጥም ዝቅ ብላ ታልፋለች። እናታችን ከመጣን ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ሳቁ። «ይህ የሰው ውሻ ነው!» አሉ። ገበሬውም ትርጕሙን ሳይጠብቁ አብረው ሳቁ።

ጕድለቱን ግን ገበሬው ራሳቸው ነገሩን። የሚሮጥ ልጅ እንደ ላም መስሎት ተረከዝ ሊነካ ይችላልና ከሕፃንነቱ መከልከል ያስፈልጋል። ሥራና መንገድ ይፈልጋል። ዘሩ ከጥቂት ውሾች ስለ ተባዛም በዘር የሚወርድ የዓይንና የሽንት ቧንቧ በሽታ አለበት። ስለዚህ የአባቱንና የእናቱን የምርመራ ወረቀት አሳዩን፤ ይህን ወረቀት ከማያሳይ ሰው ቡችላ መግዛት እንደማይገባም ደጋግመው ነገሩን።

የቀረው ክርክር ውሻው የት ያድራል የሚለው ነበረ። እናታችን «ውሻ ከማዕድ ፊት ሲቆም አይቼ አላውቅም፤ ቦታው ደጅ ነው» አሉ። ልጆቹ ደግሞ ከአልጋችን ሥር ካልሆነ ብለው አለቀሱ። የአገሩ ሕግ ደጅ የሚያድር ውሻ መጠለያ እንዲኖረው፤ በየቀኑም ከሰው ጋር እንዲውል ያዝዛል። ገበሬው እንዳስረዱንም ያደገው ውሻ ብርዱን ይችላል እንጂ ቡችላ አይችልም። በመጨረሻም ጫማ ከሚወለቅበት ክፍል እንዲያድር፤ ወደ ማዕድ ቤት ግን እንዳይገባ ተስማማን። በዚያው ክፍል እግሩን የምናጥብበት ሳፋ ማኖር ይገባናል፤ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፉን ያቃጥላልና። የመኪና ውኃ እንዳይረጋ የሚጨመረውንም ፈሳሽ ከፍ ካለ ቦታ አኑረነዋል፤ ጣፋጭ ስለ ሆነ ውሻ ይልሰዋል፤ ጥቂቱም ይገድለዋል።

ቡችሎቹ ያን ጊዜ የሦስት ሳምንት ልጆች ነበሩ። በሕጉ 56 ቀን ሳይሞላቸው ከእናታቸው አይለዩም፤ ገበሬው ግን አሥር ሳምንት ካልሞላቸው አልሰጥም ስላሉን እስከ ጥቅምት ጠበቅን። እናታችን ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሰው ነበረና በየእሑዱ ስንደውል ከጤናችን አስቀድመው «መጣ ወይ?» ይሉ ነበር። የመጣ ዕለትም ስሙን «ጣርማ» በሉት ብለው ላኩብን። የመንደራችን ልጆች «ጣ»ን ማለት አልሆነላቸውም፤ «ታርማ» እያሉ ይጠሩታል፤ እርሱም ለሁለቱም ይመጣል።