ፈላጊ ያልደረሰበት ብራና

የመፈለጊያ መሣሪያ በኢንተርኔት ከገጽ ወደ ገጽ የሚዘዋወረው ማያያዣዎችን እየተከተለ ነው። የይለፍ ቃል የሚጠየቅበት ደጃፍ ሲያጋጥመው ግን ከውጭ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት የሚገኙ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ከቅጂዎቹ ብዙዎቹን በኢንተርኔት ያሳያል፤ ምስሉን ለመመልከት ግን አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል።

መሣሪያው ቢገባም እንኳ ገጹ ፎቶግራፍ እንጂ የተተየበ ጽሑፍ ስላልሆነ ማንበብ ይቸግረዋል። የመጽሐፉን አርእስት ሊቃውንት በዝርዝር ስላሰፈሩት ይገኝ ይሆናል፤ በኅዳጉ የተጻፈው የጉልት ስጦታ ግን፣ ለታሪክ ጸሐፊ አንዳንዴ ከድርሳኑ የሚበልጠው፣ ተሰውሮ ይቀራል።

የአያቶቹን ደብር ታሪክ የሚሻ ተማሪ በስልኩ ፈልጎ ሲያጣ «የለም» ብሎ ይተወዋል። የተመዘገበ አንባቢ ግን በዚያው ሰዓት ቅጠሉን እያገላበጠ ያነበዋል።