ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በአሮጌ ኮምፒውተር በአውትሉክ ኢሜይል የሚያነብ አባት ወይም አጎት ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

እዚህ ጀጎል ውስጥ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሐጂ አሉ። ሰሞኑን ኢሜይላቸው እምቢ አለ። የሚወጣው መልእክት የሰርቨሩን የደህንነት ሰርተፊኬት ማረጋገጥ አልተቻለም ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ጥፋቱ የሰርቨሩ ወይም የቫይረስ ይመስለዋል። የተጠራው ቴክኒሺያንም የለመደውን አለ፤ «ፎርማት ይደረግ!»

በሞት የተለያቸው ወንድማቸው ከቶሮንቶ ሲጽፍላቸው የኖረው ደብዳቤ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። ፖፕ በሚባለው የድሮ አሠራር ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ከሰርቨሩ ያወርድና፣ ካልከለከሉት በቀር፣ እዚያ ያለውን ያጠፋዋል። ፎርማት ማለት እንግዲህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ስሄድ መጀመሪያ ያየሁት ከታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን ነው። 2017 ይላል። ልክ እኮ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር! መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሲያስቸግር የልጅ ልጃቸው እንደሚያውቀው ሞላው። ኮምፒውተሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ እዚያ ጊዜው 2025 ነበር። በዚያን ጊዜ ሰርተፊኬት የሚጸናው ቢበዛ ከዓመት ትንሽ ቢያልፍ ነበር፤ ስለዚህ በማሽኑ ቀን ሲታይ የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ገና አልተወለደም። ሰርቨሩ ጤነኛ ነው፣ ቫይረስም የለ። የሞተችው ማዘርቦርዱ ላይ ሆና ቀኑን የምትይዘው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። ፈረስ መጋላ ካለ ሰዓት ሠሪ ገዝተን ቀየርናት፣ ቀኑን አስተካከልን፣ ደብዳቤው መግባት ጀመረ።

ጂሜይልን በአሮጌ ፕሮግራም የምታነቡ ደግሞ ሌላ ጉድ አለባችሁ፤ ትክክለኛውን ፓስወርድ እያስገባችሁ ደጋግሞ ይጠይቃችኋል። ፓስወርድ አትቀያይሩ፣ መጨረሻ ላይ አካውንቱ ራሱ ይጠፋባችኋል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ በስምና በፓስወርድ ብቻ የሚገባ ፕሮግራም አይቀበልም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ክፈቱና «አፕ ፓስወርድ» የሚባለውን ባለ 16 ፊደል ኮድ አውጥታችሁ በፓስወርዱ ቦታ አስገቡ።

የአውትሉክ ደብዳቤ በአንድ ፋይል ነው የሚቀመጠው፤ ስሙ በፒኤስቲ ያልቃል። የሐጂን በፍላሽ ገልብጬ ስሰጣቸው «መምህር፣ ከዚህ ላይም ይነበባል?» አሉኝ። ከፍተን አየነው፣ ይነበባል። ፍላሹን ቁርኣናቸው ከሚቀመጥበት የግድግዳ መደርደሪያ ላይ አኖሩት።