ሁለት ጭፍራ በአንድ ጠረጴዛ

ክርክር የምንወድ ሰዎች መሆናችንን አንክድም። ከክፍል ወጥተን አራዳ ብቅ ስንል፣ ከአንዲት ጠባብ ቡና ቤት ጥግ በርጩማ ስበን ስንቀመጥ፣ አቦሉ ሳይቀዳ ክርክሩ ይቀዳል። መምህር ሲጠይቀን ጫማችንን የምናይ እኛ፣ እዚያ ስንደርስ ምላሳችን ይፈታል። ከሁለት ኳስ ተጫዋች ማን ይበልጣል? ከሁለት ደራሲስ? ባለቡናዋ እትዬ ከረከቦታቸው ኋላ ሆነው «እናንተ ልጆች፣ ቡናው እንኳ በሦስተኛው ያልቃል፤ የናንተ ነገር ምነው በረካ የለው?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው፤ የለውም።

ዘንድሮ ወር ሙሉ የያዘን ክርክር ግን ጭራሽ ስለሌሉ ሰዎች ነበር። አንባቢ እንዳይስቅብን ነገሩን ከሥሩ እንናገር።

በባሕር ማዶ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። እንደ ዳማ አይደለም፤ እንደ ገበጣም አይደለም። ከተጫዋቾቹ አንዱ አጫዋች ይሆንና አገሩን፣ መንገዱን፣ ጠላቱን ይተርካል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥራሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ አዝማሪ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዱ ደግሞ መጽሐፍ ገልጦ እሳት የሚያዘንብ አስማተኛ። (ይህን የመጨረሻውን እኛ ገና ስንሰማ «ደብተራ ነዋ!» ብለናል።) አንዱ «በሩን እሰብራለሁ» ሲል ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይጣላል፤ ቁጥሩ ከበቃ በሩ ይሰበራል፣ ካልበቃ ትከሻው ይሰበራል። እንዲህ ሲሉ አብረው ይጓዛሉ፣ አብረው ይዋጋሉ፣ ይሞታሉም። ጭፍራው እያደገ ሲሄድ ደረጃው ከአንድ ተነሥቶ እስከ ሃያ ይደርሳል።

ክሪቲካል ሮል የሚባሉ የድምፅ ተዋንያን ደግሞ ይህንኑ ጨዋታቸውን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለዓለም ሁሉ እያሳዩ ይጫወታሉ። የመጀመሪያው ጭፍራቸው ቮክስ ማኪና ነው፤ 115 ጊዜ ተቀምጠው በ2017 ጨረሱት። ሁለተኛው ማይቲ ናይን ነው፤ ከ2018 እስከ 2021፣ 141 ጊዜ። በ2022 የፊተኛው ታሪክ ካርቱን ሆኖ ወጣ። እኛም ያን ካርቱን በፍላሽ ተዋውሰን አየነውና ተለከፍን።

እንግዲህ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች በየአገሩ የሚጨቃጨቁባት ጥያቄ ወደ አራዳም መጣች። ሁለቱ ጭፍሮች ቢገናኙ ማን ያሸንፋል? ግማሾቻችን «ቮክስ ማኪና ሃያኛው ደረጃ ላይ የደረሰ ነው፣ አለቀ!» አልን። ግማሾቻችን «ደረጃ ምን ይሠራል? ኬይለብን የመሰለ የተማረ አስማተኛ እዚያኛው ወገን የታለ?» አልን። «ግሮግ አንድ ጊዜ ከቀረበው ያን ቀጫጫ እንደ ሸንኮራ ይሰብረዋል!» «መጀመሪያ ይቅረበዋ!» እትዬ መሐል ገብተው «የማን አገር ሰዎች ናቸው?» ብለው ጠየቁን። የሉም ብንላቸው «ታዲያ ምን ያስጮኻችኋል?» አሉና ከሰላቸውን ማራገብ ቀጠሉ።

ከመካከላችን የአራዳ ተወላጅ የሆነችው ጓደኛችን ብቻ ዝም ብላ ቆይታ ነበር። በመጨረሻ «አንድ ነገር ልንገራችሁ?» አለች። «ግሮግን የሚጫወተው ትራቪስ ዊሊንግሃም ነው። ማይቲ ናይን ውስጥ ፊዮርድን የሚጫወተውም እሱው ነው። ስካንላንም ኖትም ሳም ሪግል ነው። ቬክስም ጀስተርም ላውራ ቤይሊ ናት። የሁለቱም አጫዋች ማት መርሰር ነው። ጠረጴዛው አንድ፣ ሰዎቹም እነዚያው። ታዲያ ቢዋጉ ማን ከማን ነው የሚዋጋው?»

ሳቅንና አለፍነው። ያን ጊዜ ልብ ብለነው ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።

ከዚያ አንዳችን «የሰው አገር ጀግና ይዘን እስከ መቼ ነው የምንናቆረው? የራሳችንን ለምን አንጫወትም?» የሚል ሐሳብ አመጣ። ሁላችንም ወደድነው። ጎንደር ተቀምጦ ጭፍራ የሚቸግረው ማን አለ? ሳንውል ሳናድር ደረስጌን መረጥን።

ደረስጌ ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ጃናሞራ ውስጥ ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ደረስጌ ማርያምን። ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በግንባታው አገልግሏቸዋል። ሐሳባቸው ዘውዱን እዚያው ሊጭኑ ነበር። ታዲያ ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. ብቻ በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ ኋላም በአይሻል ራስ ዓሊን ድል አድርገው ነበርና፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከውቤ ጋር ተጋጠሙ። ውቤ ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንኑ ለውቤ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ካሳ ገቡበትና ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ዘውድ ጫኑ። ድግሱን አንዱ ደገሰ፣ የበላው ሌላ ሆነ።

ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ከየት ይምጣ? ሃያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ከ1 እስከ 20 ጽፈን በአንድ ቆብ ውስጥ ከተትን፤ ዕጣ መሆኑ ነው። ለካሳ ጭፍራ ሰው ማግኘት አልቸገረንም፤ ገብርዬ በሰው ሁሉ አፍ ያለ ነው፣ ቀድሞ የራስ ዓሊ ሰው የነበረው እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልም ተጨመረ። ለውቤ ጭፍራ ግን ከገብርዬ እኩል በሰው አፍ ያደረ ስም አጣን። የተሸነፈ ሰው ተከታዮች ስም እንደ አሸናፊው ሰዎች አይነሣም። የጃናሞራ ልጅ የሆነው ጓደኛችን «ተዉት፣ እኔ አወጣላቸዋለሁ» አለና የአጎቶቹን ስም አንድ በአንድ ጻፈላቸው። አንዱ ነፍጠኛ፣ አንዱ ነጋሪት መቺ፣ አንዱ በቅሎ ጫኝ። ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም።

ገና ሳንጀምር ክርክሩ ቀደመን። የጃናሞራው «ውቤ ትግሬንም ይገዙ ነበር፤ ከባሕር በር የሚመጣው ነፍጥ በጃቸው ነው። በነፍጥ ቢቆጠር ካሳ አይደርስባቸውም» አለ። የቋራው ልጅ «ካሳ በ1840 ደባርቂ ላይ የግብፆች መድፍ ፈጅቶት ተምሯል። የተሸነፈ ሰው ነው የሚያሸንፍ» አለ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር፤ መምህራኖቻችን ቢሰሙን ነጥብ ይሰጡን ነበር። ከዚያ የቋራው እየሳቀ «ምን ዋጋ አለው፣ እናንተ ሰሜኖች ቤተ ክርስቲያኑን ትሠሩና ዘውዱን ለኛ ታስረክባላችሁ» አለ።

«እናንተ» አለ። «ለኛ» አለ።

የጃናሞራው ቀና ብሎ «ቋራማ ቀምቶ እንጂ ሠርቶ የት ያውቃል» ብሎ መለሰ። ቶናው በስኒው እንዳለ ትቶት ወጣ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች፣ አንባቢ ሆይ፣ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የሚተኙ ናቸው። አንዱ ሲታመም አንዱ ምሳውን በሳህን ይዞለት የሚመጣ፣ ብር ሲያልቅ ከአንድ ኪስ የሚበሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ ከረሙ። አንዱ ሲገባ አንዱ መጽሐፍ ያነሣል። ከዚህም የከፋው የእኛ ነገር ነው። መካከለኛ ነን ብለን ነበር፤ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግማሾቻችን ከዚህኛው፣ ግማሾቻችን ከዚያኛው ጋር መቀመጥ ጀመርን። ማንም «እንዲህ እናድርግ» አላለም። ብቻ ሆነ። ከ170 ዓመት በፊት ያለቀ ጦርነት ካፊቴርያ ውስጥ ወንበር መደበን።

ያን ሰሞን ነው አንዳችን አንድ ነገር ያነሣው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በዚህች ከተማ ተኩስ ሲሰማ ከግድግዳ ጥግ ተኝተን ያደርን አለን። ሲነጋ የሆነውን ለእርስ በርስ ስናወራ፣ ያን ሌሊት ማናችንም «ማን ያሸንፋል?» ብለን እንዳልተከራከርን አስተዋልን። የጠየቅነው ሌላ ነበር። «እገሌ ገብቷል ወይ? እገሊት ደውላለች ወይ? የእነ እገሌ እናት ብቻቸውን ናቸው?» ጥያቄው ተለውጦ ነበር። ማን ያሸንፋል የሚለው ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው የሚመች ጥያቄ ኖሯል።

የአራዳዋ ልጅ ሁለቱንም በየፊናቸው አታላ ቡና ቤት አመጣቻቸው። ለያንዳንዳቸው «ያኛው አይመጣም» ብላ ነበር። ሲተያዩ ሁለቱም ሊነሡ ሲሉ እትዬ «በሉ ተቀመጡ! እኔ ቤት ቡና ተረግጦ አይወጣም!» ብለው ጮኹባቸው። ተቀመጡ። ልጅቷ ቆቡን ከመሐል አስቀመጠችና «አጫዋች እኔ ነኝ፤ ሕጉም የኔ ነው» አለች። «የቋራው ልጅ የውቤን ጭፍራ ይጫወታል። የጃናሞራው የካሳን። ከ12 በላይ ካልወጣ የተላከው ሰው ይወድቃል።»

«ምን ሲደረግ!» አሉ ሁለቱም፣ እኩል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተስማሙበት የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር።

ጨዋታው ቀዝቀዝ ብሎ ተጀመረ። የጃናሞራው ገብርዬን በቀኝ ሰደደ፤ ዕጣው 17 ወጣ። የቋራው ነፍጠኛውን አስቀደመ፤ 4 ወጣ። ነፍጠኛው ወደቀ። ልጅቷ ከወረቀቱ ላይ የነፍጠኛውን ስም ጮክ ብላ አንብባ ሰረዘችው፤ የአጎቱ ስም ነው። የጃናሞራው ልጅ ስኒውን ይዞ ቀረ። ሁለተኛው ነጋሪት መቺው ነበር፤ 9 ወጣ። እሱም ተሰረዘ። አሁን ተራው የበቅሎ ጫኙ ሆነ። የቋራው ልጅ እጁን ቆቡ ውስጥ ከተተና ሳያወጣ ቆየ። ከዚያ የጃናሞራውን አየት አድርጎ «ይሄኛው… ልጆች አሉት?» ብሎ ጠየቀው።

«አራት» አለ የጃናሞራው። «ትንሿ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባች።»

የቋራው ባዶ እጁን ከቆቡ አወጣ። «ሰዎቼን ይዤ ወደ ተራራው እሸሻለሁ» አለ።

«ተሸነፍክ ልበል?» አለች አጫዋቿ።

«በይ።»

ማንም «አላልኳችሁም?» ብሎ አልጮኸም። ካሳ ደረስጌን ያዙ፣ እንደ 1847ቱ። ግን የካሳን ጭፍራ የመራው የጃናሞራ ልጅ እንደ አሸናፊ አልሆነም። «ገብርዬም እኮ…» አለና ተወው። ምን ሊል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ገብርዬም በ1860 ዓ.ም. እሮጌ ላይ ይወድቃል። ያን ዕጣ ደግሞ ሌላ ሰው ያወጣዋል።

ስንወጣ መሽቶ ነበር። ወደ ፋሲል ግቢ አቅጣጫ እየሄድን ስለ ልዑል ዓለማየሁ አነሣን። ቴዎድሮስ ከደረስጌ በኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ዓለማየሁ ከእሷ ተወለደ። የአሸናፊው ልጅ፣ የተሸናፊው የልጅ ልጅ። መቅደላ በ1860 ስትወድቅ እንግሊዞች ወሰዱት፤ ገና በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድሶር ተቀበረ። ይህን ልጅ ከየትኛው ወገን ነው የምንቆጥረው? ክርክር ለመደብን ለእኛ እንኳ መልስ አጣን። ሁለቱ ጭፍሮች በእሱ ደም ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠው ነበር።

ክርክር ይቁም አንልም። ክርክር ከቀረ እኛስ ምን እንሆናለን? ነገር ግን የምንልና የምንለምነው አለ። አንድ ወገን ይዞ የሚከራከር ሰው፣ አንድ ጊዜ የዚያኛውን ወገን ስሞች በእጁ ይያዛቸው። ዕጣውን ራሱ ያውጣላቸው። ከዚያ በኋላም «እናንተ» የሚለው ቃል እንደ ድሮው ከአፉ ቀልሎ ከወጣ ይንገረን።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ዛሬ ይነጋገራሉ። ፈጽመው ታርቀዋል አንልም፤ አንዳንዴ የቋራው ሲቀልድ የጃናሞራው ፊቱን ያጠቁራል። ያን ቀን ግን የቡናውን ሒሳብ የከፈለው የጃናሞራው ነው፤ የሁላችንንም። የበቅሎ ጫኙ ስም ሳይሰረዝ ወረቀቱ እትዬ ዘንድ፣ ከስኳር ጣሳው ሥር ተቀምጧል።

የሚመጣው ቅዳሜ አይሻልን እንጫወታለን። የራስ ዓሊን ጭፍራ የሚይዝ ሰው ጎድሎናልና የፈለገ ይምጣ። ለካሳ ጭፍራ ግን ከሚገባው በላይ አመልካች አለን።