ኮከብ ያለበት መንጃ ፈቃድ

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ለቅሶ የሚደርሰው በአውሮፕላን ነው። አዲስ አበባ ሰው ሲሞት ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ከደጁ ይወጣል፤ ድንኳኑ እዚያው ሰፈር ነው። እዚህ ግን ወንድም ሲያትል፣ እህት ዳላስ፣ የአክስት ልጅ ሚኒያፖሊስ ተበታትነው ነው የሚኖሩት። እኔ ካለሁበት ሜሪላንድ እስከ ሲያትል በአውሮፕላን ከአምስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል። በመኪና እንሂድ ቢባል ቀናት ይፈጃል፣ ቀብሩም ያልፋል። ስለዚህ በአገር ውስጥ በረራ የሚጠየቀው መታወቂያ ነገር ለእኛ የሽርሽር ጉዳይ አይደለም። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የአራስ ጥየቃና የለቅሶ ጉዳይ ነው።

ባለፈው ሐምሌ የማኅበራችን አባል የሆኑ አንዲት እናት ወንድማቸው ሲያትል ላይ አረፉባቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ እትዬ ነው የምላቸው፤ ሰባውን አልፈዋል። በዚያን ሰሞን ፓስፖርታቸው ለእድሳት ተልኮ ነበር። በእጃቸው የነበረው የድሮው መታወቂያቸው ብቻ ነው። ወዳጅ የሆነ ሰው ደውሎ፣ “አዲሱ ሕግ ወጥቷል፤ ኮከብ የሌለበት መታወቂያ ይዘው ቢሄዱ ከበሩ ላይ ይመልስዎታል” አላቸው። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ የሰማውን ነው የተናገረው። እትዬ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ ታያቸው። ቀሩ። የአንድ እናት ልጅ ወንድማቸውን፣ የልጅ ልጃቸው በያዘችላቸው ስልክ እያዩ ቀበሩ።

እኔ ነገሩን ያጣራሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ለካስ በዚያን ጊዜ ኮከብ የሌለበት መታወቂያ የያዘም ሰው ተጨማሪ ፍተሻና ማጣራት ተደርጎለት ይሳፈር ነበር። እትዬን ያስቀራቸው ሕጉ ሳይሆን ወሬው ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ የቀበሌ መታወቂያ የሚባል የለም። ባንክም ሆነ መድኃኒት ቤት “መታወቂያ” ሲሏችሁ መንጃ ፈቃድ ማለታቸው ነው። መኪና የማይነዳ ሰው ከዚያው መንጃ ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ተመሳሳይ መታወቂያ ያወጣል። የሚሰጡት ደግሞ ሃምሳዎቹ ስቴቶች በየራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ለብዙ ዘመን አንዱ ስቴት ጠበቅ፣ ሌላው ላላ አድርጎ ሲሰጥ ኖሯል። በፈረንጆች አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አውሮፕላን ጠልፈው ያን ሁሉ ሕዝብ ከፈጁት ሰዎች አብዛኞቹ በስቴቶች የተሰጠ መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ነበራቸው። ጥቃቱን የመረመረው ኮሚሽን መታወቂያ አሰጣጡ አንድ ወጥ መለኪያ እንዲኖረው መከረ፤ በ2005 ሕጉ ወጣ። ስሙም “ሪል አይዲ” ተባለ። ከዚያ ስቴቶቹ አልተዘጋጀንም ሲሉ፣ በኋላም ኮሮና ሲመጣ፣ ቀኑ ሲገፋ ሲገፋ ሃያ ዓመት ሞላው። በመጨረሻ ሜይ 7 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ምልክቱ ከካርዱ በስተቀኝ ላይኛው ጥግ የምትታይ ትንሽ ኮከብ ናት።

ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ ተቀባይነት ያለው መታወቂያ ሳይዝ ኤርፖርት የሚመጣ መንገደኛ 45 ዶላር ከፍሎ ማንነቱ እንዲጣራለት ይደረጋል። ክፍያው ለ10 ቀን ጉዞ ያገለግላል። ገንዘቡን መክፈል ብቻውን ግን ዋስትና አይደለም፤ ማንነቱ ካልተረጋገጠ አይሳፈርም። በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፣ ግን ጠቧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡ እናቶች አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችሁ ልጃችሁን ልታርሱ ወደ አሜሪካ ትመጣላችሁ። ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ ኤርፖርት ወርዳችሁ ወደ ሌላ ከተማ በአገር ውስጥ በረራ የምትቀጥሉ ከሆነ ኮከብ የለኝም ብላችሁ አትስጉ። ያልተቃጠለ የኢትዮጵያ ፓስፖርታችሁ ይበቃል። የአሜሪካ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድና የሥራ ፈቃድ ካርድም እንዲሁ ይሠራሉ። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከአዋቂ ጋር ሲጓዙ በአገር ውስጥ በረራ መታወቂያ አይጠየቁም። ጭንቁ ያለው ከመንጃ ፈቃዱ ሌላ በእጁ ምንም የሌለው ሰው ጋ ነው። ፓስፖርት ለእድሳት ይላካል፣ ይጠፋል፣ ልጆች ካዝና ውስጥ ይቆልፉበታል። መንጃ ፈቃድ ግን ከቦርሳ አይወጣም።

የእኔም መንጃ ፈቃድ የማደሻው ጊዜ ደርሶ ስለነበር በዚያው ባለኮከቡን ላወጣ ወሰንኩ። የሚጠየቀው ሦስት ዓይነት ማስረጃ ነው። አንደኛው ማን እንደሆናችሁና መቼ እንደተወለዳችሁ የሚያሳይ ነው፤ እኔ ፓስፖርቴን ይዤ ሄድኩ። ሁለተኛው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን የሚያረጋግጥ ነው። ሦስተኛው የት እንደምትኖሩ የሚያሳዩ፣ ስማችሁና አድራሻችሁ ያለባቸው ሁለት ወረቀቶች ናቸው። ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ከመሄዳችሁ በፊት የየስቴታችሁን ማየት ነው። ሲጽፉት አጭር ነው። ለሐበሻ ግን ሁለት መሰናክል አለው፤ ስምና አድራሻ።

ከስም ልጀምር። እኛ የራሳችንን፣ የአባታችንንና የአያታችንን ስም ይዘን ነው የምንሄደው። ፈረንጅ ደግሞ የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። አንዱ ቢሮ የአያትን ስም መጨረሻ ያደርገዋል፤ ሌላው አያትን ጥሎ በአባት ያቆማል። አንዲት ሴት ስታገባ በባሏ ስም አለመጠራቷም ይገርማቸዋል። ከዚያ ደግሞ ፊደሉ አለ። የእኔ ስም በ“ፀ” ይጀምራል። በላቲን ፊደል ለ“ፀ” ሁለት ፊደል ያስፈልጋል። ፓስፖርቴ ላይ ሁለቱም አሉ። ባንክ ቤት ግን ሒሳቡ ሲከፈት አንዷን ፊደል ዘለዋታል። ለዓመታት ማንም ልብ አላላትም። መንጃ ፈቃድ መስጫው ጋ ያገኘኋት ወጣት ሠራተኛ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፣ “እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው?” አለችኝ። አንድ ሰው መሆናቸውን ነገርኳት። ወረቀቱ ይህን አይልም ብላ መለሰችልኝ።

አብራኝ የነበረችው ልጄ ተናደደች። እኔ ግን ልጅቷን ልቀየማት አልቻልኩም። ዕድሜዬን በሙሉ እኔም ይህንኑ ሥራ ስሠራ ነው የኖርኩት። ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በአንድ ክፍል ውስጥ ስማቸው እስከ አባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ተኝተው ያውቃሉ። አንዷ የስኳር በሽተኛ፣ አንዷ ቀዶ ሕክምና የምትጠብቅ። ደም ከመስጠታችን በፊት ሁለት ነርሶች ሆነን ስሙን እስከ አያት፣ የካርድ ቁጥሩንና የደሙን ዓይነት ጮክ ብለን እናነባለን። አንዷ ቁጥር ካልገጠመች ደሙ ይመለሳል። አስታማሚው፣ “እናታችን እኮ ናት፣ እናውቃታለን!” ብሎ ይቆጣል። እውነቱን ነው፤ እሱ ያውቃታል። ከረጢቱ ግን አያውቃትም። በዚያ ቁጣ ፊት ጸንቶ መቆም የነርስ ሥራ ነው። ስለዚህ ባንክ ሄጄ ስሜን አስተካክዬ፣ በሚቀጥለው ወር አዲሱ የሒሳብ መግለጫ በፖስታ ሲመጣ ተመለስኩ። በዚያን ቀን ጉዳዬ ሳይጓተት አለቀ፤ ካርዱም በፖስታ ቤቴ ድረስ መጣልኝ።

ሁለተኛው መሰናክል አድራሻ ነው። ይህን ያየሁት በእትዬ ነው። አርባው ከወጣ በኋላ፣ ፓስፖርታቸውም ታድሶ ሲመለስ፣ ኮከብ ያለበት መታወቂያ እናውጣልዎ ብለን ተነሳን። ፓስፖርቱ አለ፣ ሶሻል ሴኩሪቲው አለ። “ስምዎና አድራሻዎ ያለበት ሁለት ወረቀት ያምጡ” ስንላቸው ዝም አሉ። እትዬ በልጃቸው ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ሦስት የልጅ ልጅ አሳድገዋል። ጠዋት ቀድመው የሚነሱት፣ ምጣዱን የሚያሰሙት፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው። የመብራቱ ሒሳብ ግን በአማቻቸው ስም ይመጣል። ውኃው እንዲሁ። ስልካቸው በልጃቸው ስም ነው። ከባንክ የሚመጣም የለም፣ ገንዘባቸውን ልጃቸው ነው የምትይዝላቸው። ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ በቤቱ ወረቀት ላይ የሉም።

ልጃቸው ደነገጠች። እናቷን ከወረቀት ጣጣ ለማሳረፍ ብላ ያደረገችው ነው። እኛም ቤት ለወላጅ ክብር ማለት፣ “አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ” ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉን እኔ እጨርሰዋለሁ ሲባል እናት ቀስ በቀስ ከየመዝገቡ ትወጣለች። በሕመም ጊዜም ይህንኑ አይቻለሁ። በራሳቸው ስም አንዳች ነገር የሌላቸው አረጋዊ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንኳ ጥያቄውን የሚመልሰው ልጅ ነው፤ እሳቸው ጣሪያ ያያሉ።

መፍትሔው ከባድ አልነበረም። በእትዬ ስም ትንሽ የባንክ ሒሳብ ተከፈተ፤ መግለጫውም በየወሩ በፖስታ እንዲላክ ተደረገ። የመንግሥቱን የጤና መድኅን ደብዳቤዎች ልጃቸው ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ትጥላቸው ነበር፤ አሁን በፋይል ትይዛቸዋለች። ሁለቱ ማስረጃዎች በዚህ ተሟሉ። የመጀመሪያው የባንክ ደብዳቤ የመጣ ቀን እትዬ ፖስታውን ሳይከፍቱ ስማቸውን ደጋግመው አነበቡት። በኅዳር ወር ኮከብ ያለበት መታወቂያ ወጣላቸው፤ በጥር ደግሞ ለወንድማቸው የመንፈቅ ተዝካር ሲያትል ሄዱ። ኤርፖርቱ ፍተሻ ላይ ምን ተባሉ ብዬ ስጠይቃቸው፣ “ምንም አላሉኝም፤ አይተው መለሱልኝ” አሉ። ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ያን ያህል ተጨንቀውበት!

አዲስ አበባ ያላችሁም ይህ ነገር የአሜሪካ ብቻ ነው አትበሉ። ዛሬ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ ፋይዳ ትጠየቃላችሁ። ፋይዳው ላይ፣ ፓስፖርቱ ላይና የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት መጻፉን አሁኑኑ አስተያዩ። ልጆቻችሁ አሜሪካ ሊወስዷችሁ ጉዳይ ከጀመሩ ደግሞ ፎርሙን በፓስፖርቱ ፊደል እንዲሞሉ ንገሯቸው። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1952 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1959 ነው የተወለደው። ዓመቱ ላይ ሰባት ወይስ ስምንት ይደመር በሚለው ተሳስቶ የተጻፈ አንድ ወረቀት ካለ፣ ወይም ቀኑ አይታወቅም ተብሎ ጃንዋሪ 1 የተሞላ ካለ፣ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። አሜሪካ ያላችሁና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳችሁ ላይ ስማችሁ የተዛባ ደግሞ ከሱ ጀምሩ፤ ማስተካከያው ክፍያ የለውም። ከጋብቻ በኋላ የባል ስም የወሰዳችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀታችሁን አትጣሉ፤ ሁለቱን ስም የሚያያይዘው እሱ ነው።

ለልጆች አንድ አደራ አለኝ። ዛሬ ማታ እናትና አባታችሁን፣ “በስማችሁ ወደዚህ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። ከሌለ እንዲኖር አድርጉ። ሠርግ ቀን ይቆረጥለታል፣ ክርስትናም ቀኑ ይታወቃል። ለቅሶ ግን ቀጠሮ አይሰጥም፤ ወረቀት የሚዘጋጀው ሰው ሁሉ በጤና ሳለ ነው።

ቸር እንሰንብት።