በቤተ መዘክር ስለ ተቀመጠ ብረት

ሰው የሚረሳ ፍጥረት ስለ ሆነ እንዳይረሳ ምልክት ያቆማል። አባቶቻችን ድንጋይ አቁመው፥ በብራና ጽፈው፥ በዝክርና በተዝካር አስበው ያለፈውን ለሚመጣው አስተላልፈዋል። በዛሬው አነጋገር ሙዚየም የሚባለው ቤተ መዘክርም ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ነው። ወደዚህ ቤት የገባ ሰው ከጦር ሜዳ የተገኘ መሣሪያ ባለበት ዘንድ ሲደርስ ሳይቆም አያልፍም፤ ነገር ግን የቆመ ሁሉ አየ ማለት አይደለም። ይህስ እንዴት ነው ቢሉ፥ በሀብሩ ወረዳ በመርሳ አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው የሚያስተምሩ የአንድ የቅኔ መምህር ነገር ያስረዳል።

እኚህ መምህር በ2017 ዓ.ም. ለጉዳይ አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ፥ የእኅታቸው ልጅ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው፥ በፒያሳ ወደሚገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ወሰዳቸው። መምህሩ ስለ ዓድዋ ሲያስቡ አስቀድሞ ትዝ የሚላቸው የመድፍ ድምፅ ሳይሆን የብዕር ጫፍ ነው። ምነው ቢሉ፥ የጦርነቱ ምክንያት የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ከመርሳ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በውጫሌ፥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነበር። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላለው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት መጠቀም ይቻለዋል ሲል፥ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገበት። የቅኔ ተማሪ ለአንድ ቃል ሁለት ፍች ሰጥቶ ፈጣሪውን ያመሰግንበታል፤ በዚያ አንቀጽ ግን አንዱ ነገር በተንኰል ሁለት ስለ ሆነ፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ። ጣልያኖች ያሰለፏቸው 56 መድፎችም ለድል አድራጊው ቀሩ።

ወጣቶች እየተጋፉ ፎቶግራፍ ሲነሡ መምህሩ ዝም ብለው ቆሙ። የእኅታቸው ልጅ ነገሩ አሳስቦት፥ «የኔታ፥ ደስ አላለዎትም እንዴ?» አላቸው።

«ደስ ብሎኛል፥ ልጄ» አሉት። «ነፃነታችንን ያየ ዓይን እንዴት ደስ አይለው! ነገር ግን ብረቱን አየሁት፤ ሰውየውን ገና እየፈለግሁ ነው።»

ይህን ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ መርሳም የመከራው ተካፋይ ነበረች። ውጊያው ካለፈ በኋላ ከመምህሩ ደቀ መዛሙርት አንዱ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፥ ቁራሽ ለምኖ ሲመለስ በመንገድ ዳር አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አግኝቶ አነሣ። ጸናጽል ይይዝበት ከነበረው ከቀኝ እጁ ሦስት ጣቶቹ በዚያ ቀሩ። ስለዚህ ለመምህሩ የጦር መሣሪያ የታሪክ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ በየማለዳው በግራ እጁ የሚያማትብ ልጅ ነው።

በዚያች ሌሊት መምህሩ ነገሩን በለመዱት መንገድ ፈቱት። በቤተ መዘክር ያለ መሣሪያ ሰም ነው፤ ወርቁ የተሸከመው፥ የተመታበትና በቤት ሆኖ ያለቀሰለት ሰው ነው። ሰሙን ብቻ አይቶ የወጣ ሰው ቅኔውን አልሰማም። የዐፄ ቴዎድሮስን ሴባስቶፖል እንመልከት። በጋፋት የተሠራው ይህ መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል ይባላል፤ እስከ ዛሬም በመቅደላ ተቀምጧል። ይህ ሰሙ ነው። ወርቁ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ተራራውን እየቈረጠ፥ መንገድ እየሠራ፥ በዋድላና በደላንታ፥ በጅጣና በበሽሎ ገደል መድፉን የጐተተው ስሙ ያልተጻፈለት ሕዝብ ነው። ንጉሡም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው አምባ ሲያርፉ፥ ይህ ሁሉ ድካም አላዳናቸውም። ከራሳቸው የተቈረጠው ፀጉር እንኳ በለንደን በሠራዊት ቤተ መዘክር እንደ ዕቃ ሲጠበቅ ኖሮ ወደ አገሩ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው። ወርቁን የረሳ ቤት ሰውን ራሱን ከብረት ጋር ይቈጥረዋልና።

በዚያችው በለንደን ከተማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1917 የተመሠረተ ሌላ ታላቅ የጦርነት ቤተ መዘክር አለ። ከበሩ ፊት ሁለት የጦር መርከብ መድፎች ተተክለዋል፤ ሕንፃውም ቀድሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። ይህ ያለ አሳብ የሆነ ቢሆንም፥ ለሚያስተውል ሰው ትርጓሜ የማይሻ ምሳሌ ነው።

መምህሩ ወደ አገራቸው በተመለሱ ሳምንት በአጥቢያው ክርክር ተነሥቶ ቈያቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶ ነበር። አንድ ገበሬ ከማሽላ ማሳው ያገኘውን ትልቅ የመድፍ ጥይት ቀለህ አምጥቶ፥ «ነሐሱ መልካም ነው፤ ደወል ይሁን» አለ። ከሽማግሎቹ አንዱ፥ «ሰው የገደለ ብረት ወደ ቅዳሴ አይጠራንም» ሲሉ፥ ሌላው ደግሞ ሰይፍ ማረሻ እንደሚሆን የተናገረውን ነቢዩ ኢሳይያስን ጠቅሰው ተከራከሩ። መምህሩም በኢጣልያ አገር በሮቬሬቶ ከተማ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ ከተዋጉት መንግሥታት መድፎች ነሐስ ተሰብስቦ ስለ ተሠራው ታላቅ ደወል ነገሯቸው። የደወሉ ስም «ኀዘንተኛዪቱ ማርያም» ማለት ነው፤ ስለ ሙታን በየምሽቱ 100 ጊዜ ይደወላል። ጉባኤው ይህን ሰምቶ ልቡ ወደ መስማማት አዘነበለ።

በዚህ ጊዜ ያ ልጅ ከዛፉ ሥር ሆኖ፥ «የኔታ፥ ባዶ መሆኑን ማን አረጋገጠ?» አለ።

ሁሉም ዝም አለ፤ ቀጥሎም ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ስለ ብረቱ ምሳሌነት ሲከራከር የዋለው ጉባኤ ስለ ብረቱ ራሱ አልጠየቀም ነበር። መምህሩም አፈሩ፤ ወርቁን ሲፈልጉ ሰሙን ሳይመረምሩ ቀርተዋልና። በማግስቱ ነገሩን የሚያውቅ ባለሙያ ከወልድያ ተጠርቶ መጣና ቀለሁ ባዶ መሆኑን መሰከረ። በዚያው ማሳ ግን ያልፈነዳ ሌላ ጥይት አግኝቶ፥ ሰው እንዳይቀርብ ዙሪያውን አሳጠረ። የገበሬው ልጆች በዚያ ማሳ ወፍ ሲጠብቁ ከርመው ነበር።

ቀለሁ ከወይራ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። መጀመሪያ በተደወለበት ቀን በደጀ ሰላሙ ፊት በጦርነቱ የሞቱት ያገሩ ሰዎች ስም ተነበበ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረው ስለ ሞቱ፥ የሁለቱም ስም በአንድ ወረቀት ተጽፎ ነበር። ደወሉን የመታው ያ ልጅ ነው፤ የመታውም በግራ እጁ ነው።

እንግዲህ ለወልድያ፥ ለመርሳና ለሀብሩ ሰዎች ይህ ምክር ይገባል። ከማሳና ከገደል የተገኘ ብረት ሁሉ ቢጠፋ ታሪክ ይጠፋል፤ በየቤቱ ቢቀመጥ ደግሞ ሕፃናት ይጠፋሉ። ስለዚህ ያገኘው ሰው ሳይነካው ለሚያውቅ ይናገር። ተመርምሮ የጸዳውም በአንድ ቤት ይቀመጥ፤ ከአጠገቡም የሞተውና የቈሰለው ሰው ስም ይጻፍ። ቤተ መዘክር ራሱ ከጦርነት እንደማያመልጥ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተዘረፈው ከደሴ ሙዚየም ተምረናልና፥ ስሞቹ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በልጆች ቃልም ይጠኑ። ብረት ይሰረቃል፤ የተጠና ስም ግን ከሚያውቀው ሰው ልብ ማንም አይዘርፈውም።

ሰላምን የሚሰጥ አምላክ፥ ብረቱን ከማየት ሰውን ወደ ማየት ያድርሰን። አሜን።