ነፍስ እንደ መብራት ናትን?

ነፍስ የሚለው ቃል በቋንቋችን ብዙ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። ያረገዘችውን ሴት ነፍሰ ጡር እንላታለን። ሕፃን ራሱንና ሌላውን ለይቶ ማወቅ ሲጀምር ነፍስ ዐወቀ እንላለን። ኀጢአታችንን የምንናዘዝለትን ካህን የነፍስ አባት፥ ሰው የገደለውንም ነፍሰ ገዳይ ብለን እንጠራለን። እንግዲህ ከማኅፀን እስከ መቃብር ያለው የሰው ነገር ሁሉ በዚህ በአንድ ቃል የታሰረ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ድንገት «ነፍስ ምንድን ናት?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ቃሉን ዕለት ዕለት የምንናገረው ሰዎች መልስ ከመስጠታችን በፊት ጥቂት ዝም ማለታችን አይቀርም።

ወርቅ በእሳት እንደሚፈተን፥ የራስ ትምህርትም በሌላው ጥያቄ ሲፈተን ይበልጥ ይታወቃል። ስለዚህ የሕንዱ ጠቢብ ጎታማ፥ ተከታዮቹ ቡድሃ ማለት «የነቃ» ብለው የሚጠሩት፥ ስለ ሰው ባሕርይ ያስተማረውን ሳነብ ሰንብቼ፥ ያገኘሁትንና ያሰብሁትን ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድሁ። ዓላማዬ የሌላውን እምነት ማቃለል አይደለም፤ በሚገባ ሳይሰሙ መንቀፍ የዐዋቂ ሥራ አይደለምና። ዓመታቱን የጻፍሁት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላሳስብ። በቤተ ክርስቲያናችን ዳግም ልደት የተባለ እንደ ሆነ ጥምቀት ማለት ነው። የቡድሃን ትምህርት በዚሁ ስም ብንጠራው ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን እናደባልቃለን፤ ስለዚህ እኔ ተመላልሶ መወለድ እለዋለሁ። ደግሞም ከከተማችን ሰዎች ብዙዎቹ «ቡድሃ፥ ነፍስ ከአንዱ ሥጋ ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች ብሎ አስተማረ» ሲሉ ይሰማል። እንዲህ ያለው አሳብ ይበልጥ የሚስማማው ለሕንድ ብራህማን ሊቃውንት ነው። ቡድሃ ግን ከእነርሱ ተለየ። ሰው ይሞታል፥ ሥራውም ሌላ ልደት ያስከትላል አለ፤ ነገር ግን ከአንዱ ልደት ወደ ሌላው የምትሻገር፥ የማትለወጥ ነፍስ አትገኝም አለ። የነገሩ ጭንቅ ያለው በዚህ ላይ ነው። የሚሻገር ከሌለ የሚወለደው ማን ነው?

በእርሱ ትምህርት ሰው የአምስት ነገሮች ክምር ነው፤ እነዚህም ሥጋ፥ ስሜት፥ ነገርን ለይቶ ማወቅ፥ ፈቃድና ልማድ፥ አምስተኛም ንቃተ ኅሊና ናቸው። አምስቱም እንደ ወንዝ ውሃ ሳያቋርጡ ያልፋሉ እንጂ አንዱም ጸንቶ አይቆምም። ሥጋውን ደግሞ መሬት፥ ውሃ፥ እሳት፥ ነፋስ ብለው ይከፍሉታል። ይህን ሳነብ ተገረምሁ፤ የእኛም መምህራን አራቱ ባሕርያተ ሥጋ ብለው የሚያስተምሩን እነዚሁኑ ነውና። በሥጋው ነገር ከተስማማን በኋላ የምንለያየው በሚቀጥለው ላይ ነው። የእኛ ሊቃውንት በአራቱ ላይ ሦስቱን የነፍስ ባሕርያት ይጨምራሉ፤ ነፍስ ለባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፥ ትናገራለች፥ በሞትም አትጠፋም ይላሉ። የቡድሃ መምህራን ግን ማሰብም መናገርም አለ፥ የሚያስበውና የሚናገረው ግን ከአሳቡና ከንግግሩ ተለይቶ አይገኝም ይላሉ።

ጎታማ ራሱ በዚህ ነገር ጥንቁቅ ነበረ። ቫጫጎታ የሚባል መናኝ መጥቶ «ነፍስ አለችን?» ቢለው ዝም አለ፤ «የለችምን?» ቢለው አሁንም ዝም አለ። መናኙ ከሄደ በኋላ ደቀ መዝሙሩ አናንዳ የዝምታውን ምክንያት ጠየቀው። መምህሩም፥ አለች ቢል የማትለወጥ ነፍስ አለች ከሚሉት ወገን እንደሚቈጠር፥ የለችም ቢል ደግሞ ያን ግራ የገባውን ሰው የባሰ እንደሚያደናግረው ገለጠለት። ሰው ዝም ያለበትን ምክንያት ማወቅ የተናገረውን ከማወቅ የማያንስበት ጊዜ አለ።

ለጥያቄው ግልጥ ምሳሌ የሰጠው ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሣ ናጋሴና የተባለ መነኵሴ ነው። ከጌታችን ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የነገሠ ሜናንድሮስ የሚባል የግሪክ ንጉሥ ነበረ፤ ሕንዶች ሚሊንዳ ይሉታል። የእርሱና የመነኵሴው ክርክር በፓሊ ቋንቋ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ንጉሡ በሠረገላ መምጣቱን ከተናገረ በኋላ መነኵሴው ይጠይቀዋል፤ መንኰራኵሩ ነውን ሠረገላው? ዘንጉ ነውን? ቀንበሩ ነውን? ንጉሡ ለሁሉም አይደለም ይላል። እንግዲያውስ ሠረገላ የሚባለው የነዚህ ሁሉ መገጣጠም መጠሪያ ነው፤ ናጋሴና የሚለውም ስም እንዲሁ ነው ይለዋል። ደግሞም ሌሊቱን ሙሉ የሚበራውን መብራት ያነሣል። በመጀመሪያው ክፍለ ሌሊት የታየው ነበልባልና ጎሕ ሲቀድ የሚታየው ነበልባል አንድ ነውን? አንድ አይደለም፤ ሌላም አይደለም፤ አንዱ ከአንዱ እየተቀጣጠለ ቀጠለ እንጂ። ከአንዱ መብራት ሌላ መብራት ቢለኰስ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ተነሥቶ የሄደ ነገር የለም፤ ነገር ግን ያለ ፊተኛው ኋለኛው ባልበራ ነበር። ተመላልሶ መወለድም እንዲህ ነው አለ።

ይህ ጥያቄ ለእኔ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። በአገራችን ልጅ ሞቶ ሌላ ልጅ ሲወለድ ምትኩ፥ ካሣ፥ ተተካ፥ ማስረሻ እየተባለ እንደሚሰየም አንባብያን ያውቃሉ። እኔም ከነዚህ ስሞች አንዱን ይዤ የኖርሁ ሰው ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በኩፍኝ ዐረፈ፤ እኔ በዓመቱ ተወለድሁ። መልኬም ቍርጥ እርሱን ነው ይባል ነበር። ነፍስ ካወቅሁ በኋላ አንዲት የጎረቤት ባልቴት ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው «ያው ልጅሽ ነው እኮ ተመልሶ የመጣልሽ፤ ዐይኑን እዪው» ብለው እናቴን ሲያጽናኑ ሰምቻለሁ። እናቴም «ዐይኑስ የወንድሙ ነው፥ እትዬ፤ ነፍሱ ግን የራሱ ናት» ብላ መለሰች።

እናቴ ፊደል አልቈጠረችም ነበር። ነገር ግን ነገሩን በሁለት ከፍላ የተናገረችበትን አኳኋን፥ የናጋሴናን ምሳሌ ካነበብሁ ወዲህ ዘወትር አስበዋለሁ። መልክ ከመብራት ወደ መብራት እንደሚሻገር ነበልባል ተሻግሮ ነበር፤ ይህንን አልካደችም። በየዓመቱ የሙት ዓመቱን ስታወጣ ለካህኑ የምትነግረው ግን የእርሱን የክርስትና ስም ነበር። እኔ በሕይወት አጠገቧ ቆሜ ሳለሁ ያ ስም በጸሎት ሲጠራ መስማት ልቤን ያሳርፈው ነበር። የእርሱን ቦታ ተቀበልሁ እንጂ እርሱን አልሆንሁም፤ እርሱም በእኔ መወለድ አልተሰረዘም። ማስረሻ ብለን የምንሰይመው ልጅ እንኳ ኀዘኑን ያስረሳል እንጂ ሟቹን አያስረሳም።

ወደ ንጉሡ ክርክር እንመለስ። ሚሊንዳ እኛም የምንጠይቀውን ጠየቀ፤ የሚወለደው ያው ሰው ካልሆነ ከቀድሞው ክፉ ሥራው ነጻ ወጣ ማለት አይደለምን? መነኵሴውም በማንጎ ሌባ መሰለለት። ሌባው ተይዞ ዳኛ ፊት ሲቀርብ «ባለቤቱ የተከለው ማንጎ ሌላ፥ እኔ የወሰድሁት ሌላ» ቢል ከቅጣት ያመልጣልን? አያመልጥም፤ የተሰረቀው ፍሬ ከተተከለው የመጣ ነውና። እንደዚሁ የዛሬው ልደት ከትናንቱ ሥራ የመጣ ስለ ሆነ ዕዳው ይከተለዋል።

መልሱ ብልሃት ያለው ነው፤ ንጉሡንም ደስ አሰኝቶታል። እኔ ግን አንድ ነገር የቀረ መሰለኝ። ምሳሌው ቅጣት ዱካውን ተከትሎ በማን ላይ እንደሚደርስ ያሳያል፤ ንስሓ የሚገባው ማን እንደ ሆነ ግን አያሳይም። ቅጣት እንደ ጎርፍ ነው፤ ማን እንደ ሆንህ ሳይጠይቅ ቍልቍለቱን ይዞ ይመጣል። ንስሓ ግን ከነፍስ አባቱ ፊት ተንበርክኮ «እኔ አድርጌዋለሁ» የሚል ይፈልጋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት የበደለውና ዛሬ የሚያለቅሰው አንድ ሰው ካልሆነ፥ ልቅሶው የማን ነው? ይቅርታውስ ለማን ይሰጣል? የቡድሃ መነኮሳትም በየግማሽ ወሩ፥ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ተሰብስበው ሥርዐታቸውን በቃላቸው ይደግማሉ፤ የተላለፈም ካለ ጥፋቱን ይናገራል። «እኔ» ማለት ለኑሮ የሚያስፈልግ የልማድ አነጋገር ነው፥ የመጨረሻው እውነት ግን አይደለም ብለው ያስረዳሉ። እኔስ ሰው ከሁሉ ይልቅ እውነተኛ የሚሆነው ያን ቃል በሚናገርበት ሰዓት ይመስለኛል።

የሕዝቡን ልማድ ስንመለከት ደግሞ ልብ ከትምህርት ቀድማ የምትሄድበትን ቦታ እናያለን። በስሪ ላንካ ሰው ሲሞት ዘመዶቹ ከማንቈርቈሪያ ወደ ጽዋ ውሃ ያፈስሳሉ፤ ጽዋው ሞልቶ እስኪፈስስ ድረስ መነኮሳት ይደግማሉ፤ የምጽዋቱም በረከት ለሟቹ እንዲደርስ ይለምናሉ። በሰባተኛው ቀን፥ በሦስተኛው ወር፥ በዓመቱም መነኮሳትን ያበላሉ። በቲቤት እስከ 49 ቀን ድረስ ለሟቹ ይጸለያል። ሠልስቱን፥ ሰባቱን፥ ዐርባውን፥ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን ለምናወጣ ለእኛ ይህ እንግዳ አይሆንብንም። የቲቤት ሰዎች በ1933 ዓ.ም. 13ኛው ዳላይ ላማ በሞቱ ጊዜ፥ በ1935 የተወለደ አንድ የገበሬ ልጅ ዘንድ ደርሰው፥ የሟቹን መቍጠሪያና ሌላም ዕቃ ከሌላ ዕቃ ጋር ቀላቅለው አቀረቡለት፤ ልጁም የሟቹን እየለየ አነሣ ይባላል። በ1940 በመንበሩ ተቀመጠ፤ በ2025ም 90 ዓመት ሞላው። የማትለወጥ ነፍስ የለችም የሚሉ ሰዎች እንኳ የሚወዱትን ሰው በመቍጠሪያው ለመለየት ይህን ያህል መንገድ ሄዱ። ይህን የምለው ለመሳለቅ አይደለም፤ የሰው ልብ የወደደውን በስሙ መጥራት እንዳይተው ለማሳየት ነው እንጂ።

አሁን ወደ አገራችን የሚያደርስ አንድ ነገር ልጨምር። በ1553 ዓ.ም. በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ከየመን መጥተው ክርስትናን የተቀበሉትና የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የሆኑት አባ ዕንባቆም፥ የበረላምንና የይዋሴፍን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። ንጉሥ አባቱ መከራን እንዳያይ በአዳራሽ የዘጋበት ልዑል፥ ወጥቶ ድውይና ሽማግሌ አይቶ ዓለምን የናቀበት ታሪክ ለብዙ አንባብያን የታወቀ ነው። ሊቃውንት ስሙን ወደ ኋላ ተከትለው መነሻውን አገኙት። ቦዲሳትቫ የሚለው የጎታማ ማዕርግ በዐረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ፤ በዐረብኛ ፊደል «በ» እና «የ» በነጥብ ብቻ የሚለያዩ ስለ ሆነ በአንዲት ነጥብ ስሕተት ዩዳሳፍ ሆነ፤ ከዚያም ዮአሳፍ፥ በእኛም ይዋሴፍ ተባለ። ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ በዐረብ፥ በጆርጂያ፥ በግሪክ ቋንቋ እያለፈ ክርስቲያን ሆነ። የዓለም ከንቱነትና ምናኔው እኛ ዘንድ ደረሰ፤ ተመላልሶ መወለዱ ግን በመንገድ ቀረ።

ናጋሴና ስለ መብራት የተናገረው በዚህ ላይ በእውነት ይሠራል። የአንድ ሰው ታሪክ ከአገር ወደ አገር፥ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲለኰስ ያው አይደለም፥ ሌላም አይደለም። የአባት ጠባይ በልጁ፥ የመምህር ዜማ በደቀ መዝሙሩ፥ የአንድ ሰው ቸርነት ወይም ጭካኔ በማያውቃቸው ሰዎች እንዲሁ ሲበራ ይኖራል። ታሪክ እንዲህ መሻገር የሚችለው ነፍስ ስለሌለው ነው፤ ስለ ሥራው የሚጠየቅ አይደለምና። ሰው ግን ይጠየቃል። ስለዚህ ለራሴ የደረስሁበት ይህ ነው፦ ከእኛ የሚወጣው ሁሉ እንደ መብራት ይለኰሳል፤ እኛ ራሳችን ግን መብራት ሆነን የምንቀር አይደለንም።

ከቡድሃ ትምህርት የሚወሰድ ተግሣጽ የለም አልልም። «የእኔ» በሚለው ነገር ሁሉ ላይ መጣበቅ የመከራ ሥር መሆኑን ከማንም አጥብቆ ተናግሯል። እኛም የሚመነኵሰውን እንደ ሞተ ሰው ቈጥረን ፍትሐት እንደግምለታለን፤ ርስቱንና የዓለም ክብሩን ይቀብራል። ሲነሣ ግን አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ ስም የሌለው ሆኖ አይነሣም። ለሰው የሚገባው ጥበብ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይመስለኛል፤ ለሌላው የምንለኵሰው እሳት የሚያሞቅ ነው ወይስ የሚያቃጥል ብሎ መጠንቀቅ፥ ደግሞም ስማችን በተጠራ ጊዜ ሌላ ሰው ሳናመካኝ «አቤት» ለማለት መዘጋጀት። የማንጎው ሌባ ለዳኛው ሊሰጥ የፈራው መልስ ይህ ነበረ።